የእትብት ስቴም ሴል አጥንት ያበቅላል? አንባቢያን ይጠይቃሉ

ባለፈው እትማችን ስለ አጥንት መሳሳት ጥቂት ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚመጡት ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ ስለ እትብት ናቸው። ከእትብት የተወሰደ ስቴም ሴል (ገና ሥራው ያልለየለት፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል ማለት ነው) የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ የሳሳውን ያጠነክራል የሚል ቪዲዮ በየስልኩ እየዞረ መሆን አለበት። ለዛሬ አምስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ ስም አላወጣሁም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ክትትል የማደርግበት ቦታ የአንድ የግል የእትብት ባንክ ወረቀት ሰጡኝ። ስደውልላቸው ሴትዮዋ «ልጅሽ ነገ ከብስክሌት ወድቆ ቢሰበር ከራሱ እትብት አጥንት ይሠራለታል» አለችኝ። ባለቤቴ ብር ማቃጠል ነው ይላል። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሆና «እትብት ይቀበራል እንጂ ፍሪጅ ይገባል እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። ማንን ልስማ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በሰላም ያገላግልሽ እህቴ። በዚህ ጉዳይ ባልሽን ስሚ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። እትብት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ሻጮቹ እያወቁም ይሁን ሳያውቁ ሁለቱን ያደባልቋቸዋል። አንዱ ደሙ ነው፤ ልጁ ተወልዶ እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ በእትብቱና በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚቀረው ደም። እዚያ ውስጥ ደም የሚያመርቱ ስቴም ሴሎች አሉ፣ ጥቅማቸውም በተግባር ታይቷል። በ1988 ፓሪስ ሴን ሉዊ ሆስፒታል ውስጥ ፕሮፌሰር ኤሊያን ግሉክማን ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል ከዘር የሚመጣ የደም በሽታ ለነበረበት ትንሽ ልጅ የእህቱን የእትብት ደም ሰጡት፣ ልጁም ዳነ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ከ40,000 በላይ እንዲህ ያሉ ንቅለ ተከላዎች ተደርገዋል። የደም ካንሰር፣ የመቅኔ በሽታ፣ አንዳንድ ከዘር የሚመጡ የበሽታ መከላከያ ችግሮች፣ እነዚህ ናቸው የሚታከሙበት። የተሰበረም ሆነ የሳሳ አጥንት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ጄሊው ነው። የእትብቱን ሦስት ደም ሥሮች እንዳይታጠፉና እንዳይጫኑ ዙሪያቸውን የሚይዘው ዝልግልግ ነገር ማለቴ ነው። ዋርተን ጄሊ ይሉታል፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም በቶማስ ዋርተን ስም። አጥንት ሊሆኑ ይችላሉ የሚባሉት ሜዘንካይማል ስቴም ሴሎች በብዛት ያሉት እዚህ ጄሊ ውስጥ ነው። ደሙ ውስጥ በጣም ጥቂት ናቸው፣ አንዳንዱ ናሙና ውስጥ ጭራሽ አይገኙም። እንግዲህ ደሙን ብቻ የሚያስቀምጥ ባንክ ስለ አጥንት ሲያወራሽ የሚሸጥልሽ ሌላ፣ የሚያወራልሽ ሌላ ነው።

«ጄሊውንም እናስቀምጣለን» ካሉሽ አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ሴሎቹን አውጥተው፣ ቆጥረው፣ በሕይወት መኖራቸውን አረጋግጠው ነው የሚያቀዘቅዙት ወይስ እትብቱን ቆራርጠው እንዳለ? ብዙዎቹ እንዳለ ነው የሚያስቀምጡት፣ ከዓመታት በኋላ ሲቀልጥ ስንት ሴል እንደሚተርፍ ደግሞ ማንም አስቀድሞ ቃል ሊገባልሽ አይችልም። ሌላም አለ። እነዚህ የጄሊ ሴሎች ከሌላ ሰው ቢመጡም የሰውነት መከላከያ ያን ያህል አይጣላቸውም። ተመራማሪዎቹ የሚወዷቸውም አንድም በዚህ ነው፤ ከአንድ ለጋሽ እትብት ለብዙ ሰው የሚሆን መድኃኒት ማዘጋጀት ይቻል ይሆናል። ያ ቀን ከመጣ ልጅሽ የሚያስፈልገውን ከሆስፒታሉ ያገኛል ማለት ነው፣ ታዲያ የራሱን ሃያ ዓመት ሙሉ ኪራይ እየከፈልሽ የምታስቀምጪው ለምንድን ነው?

ከብስክሌት የወደቀ ልጅ ደግሞ በጄሶ ይድናል። የልጅ አጥንትን የሚያህል ቶሎ የሚገጥም የለም።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ባወጣው አቋም ደሙን እንደ ኢንሹራንስ ለራስ ማስቀመጥን አይመክርም። በቤተሰቡ ውስጥ በእትብት ደም የሚታከም በሽታ ያለበት ልጅ ካለ ግን ነገሩ ይለያል፣ ያኔ ማስቀመጥ ትርጉም አለው። ለሕዝብ ባንክ መለገስ ሌላው መንገድ ነው፣ ነፃ ነው። ይህን ለሐበሻ እናቶች ደጋግሜ እናገራለሁ፤ አሜሪካ ውስጥ መቅኔ የሚያስፈልገው ነጭ በሽተኛ ከለጋሾች መዝገብ የሚስማማውን የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ሲሆን የጥቁሩ 29 በመቶ ነው። የእትብት ደም ደግሞ ፍጹም መመሳሰልን አይጠይቅም። ስለዚህ የአንድ ሐበሻ ልጅ እትብት ለማያውቀው ልጅ ሊደርስ ይችላል። ሁሉም ሆስፒታል ስለማይሰበስብ ቀኑ ሳይደርስ አሁኑኑ ጠይቂ።

ባንክም ሆነ ልገሳ፣ «ደም እንሰብስብ» ብለው እትብቱን ቶሎ እንዳይቆርጡት አደራ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ ይላል፣ ምክንያቱም ያ ደም ወደ ልጁ ገብቶ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የብረት ማዕድን ስንቅ ይሆነዋል። እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ እሳቸውም ከሻጯ ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን ከእትብት የወጣ ሴል ላቦራቶሪ ውስጥ አጥንት ይሆናል ብለው አለፉት። እኔን የገረመኝ ሴሉን «አጥንት ሁን» ብሎ የሚያዘው ማን ነው? ከሆነ በኋላስ ለምን ሆስፒታል አይገባም? (ከጎንደር)

መልስ፦ ጎበዝ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ የብዙ ሳይንቲስት ራስ ምታት ነው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። እትብቱ ታጥቦ፣ ደም ሥሮቹ ወጥተው፣ ጄሊው በጥቃቅኑ ተከትፎ በፕላስቲክ ሳህን ላይ ይደረጋል። ሙቀቱ 37 ዲግሪ ነው፣ ምግቡ የተመጠነ ፈሳሽ። ከቀናት በኋላ ሴሎቹ ከቁራጩ እየወጡ ሳህኑ ላይ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ ይራባሉ። ፕላስቲክ ላይ መጣበቃቸው ራሱ መታወቂያቸው ነው። በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሜዘንካይማል ለመባል አንድ ሴል ፕላስቲክ ላይ መጣበቅ አለበት፣ ላዩ ላይ የተወሰኑ ምልክቶች ሊኖሩት ይገባል፣ ሲታዘዝም አጥንት፣ ስብና ለስላሳ አጥንት መሆን መቻል አለበት ይላል።

ትእዛዙ የሚሰጠው በምግቡ ነው። ዴክሳሜታዞን፣ ቫይታሚን ሲና ቤታ ግሊሴሮፎስፌት የሚባል የፎስፌት ምንጭ ይጨመርበታል። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ሴሎቹ በዙሪያቸው ካልሲየም ማስቀመጥ ይጀምራሉ። አሊዛሪን የሚባል ቀለም ሲፈስበት ካልሲየም ያለበት ቦታ ቀይ ይሆናል። አስተማሪህ «አጥንት ይሆናል» ያሉት ይህንን ነው። ሳህን ላይ የቀላ ካልሲየምና ሰው የሚቆምበት ቅልጥም ግን በጣም የተራራቁ ናቸው!

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ቁጭ ብለን እናውራ። ሴሉ ብቻውን ቅርጽ የለውም፣ የሚቀመጥበት ነገር ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ከሀይድሮክሲአፓታይት፣ ማለትም አጥንታችን ራሱ ከተሠራበት ዓይነት ማዕድን፣ ወይም ኮላጅን ከሚባለው የሰውነት ፕሮቲን ባለ ቀዳዳ መደገፊያ ይሠራለታል። ሴሎቹ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይዘራሉ፣ ከዚያ የአይጥ ወይም የጥንቸል የተሰበረ አጥንት ክፍተት ውስጥ ይገባል። በእንስሳ ላይ ብዙ ጊዜ ጥሩ ይሠራል፣ አልክድም። ችግሩ መጠን ነው። አንድ ሴል ከደም ሥር ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ በላይ ከራቀ ኦክስጅን አይደርሰውም። የአይጥ ክፍተት ጥቂት ሚሊሜትር ነው። በመኪና አደጋ ቅልጥሙ ሦስትና አራት ሳንቲሜትር የጎደለበት ሰው ግን መሃሉ ላይ ያሉት ሴሎች አዲስ ደም ሥር ሳይደርስላቸው ያልቃሉ።

ይባስ ብሎ የገቡት ሴሎች አብዛኞቹ ቀናት ወይም ሳምንታት ነው የሚቆዩት፣ ሆኖም አንዳንዴ አጥንቱ ይሻለዋል። ይህ እንዴት ይሆናል? ሴሎቹ ከመሞታቸው በፊት የሚለቋቸው ኬሚካሎች የባለቤቱን ሴሎች ይጠራሉ፣ ደም ሥር እንዲበቅል ያነሳሳሉ፣ እብጠቱን ያበርዳሉ። ግንበኛ ሲጠበቁ ፎርማን ሆነው ተገኙ ማለት ነው። «ሜዘንካይማል ስቴም ሴል» የሚለውን ስም በ1991 ያወጡት አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን ራሳቸው በ2017 ስሙ ይቀየር፣ ስቴም ሴል ማለታችን ሕዝቡን አሳስቷል ብለው ጽፈዋል። ስም ያወጣ ሰው ስሙን ሲከለክል ብዙ አይታይም።

ከእትብትና ከመቅኔ የቱ ይሻላል የምትለኝ ከሆነ፣ የእትብቱ ፈጥኖ ይራባል፣ ገና አዲስ ነው፣ ሲወሰድም ማንም አያመውም። መቅኔው ግን በብዙ ንጽጽር ካልሲየም በማስቀመጥ ይበልጠዋል። ይህም አይገርምም፣ ድሮም ሰፈሩ አጥንት ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ ደቡብ ኮሪያ በ2012 ከእትብት ደም ከወጡ ሜዘንካይማል ሴሎች የተሠራ ካርቲስቴም የሚባል ሕክምና ፈቅዳለች። እሱ ግን ለጉልበት ለስላሳ አጥንት ነው፣ ለተሰበረ አጥንት አይደለም። ማስታወቂያዎቹ ሁለቱን ሲያቀላቅሉ ታያለህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ባጃጅ ነው የምነዳው። ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ተሰበረና መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄድኩ፣ አልሆን ሲል ሆስፒታል ብረት አስገቡልኝ። 11 ወር ሆነኝ። አሁንም ስረግጥ ያመኛል፣ ራጁም አልገጠመም ይላል። ዘመድ ወዳጅ ብር እያሰባሰበ ውጭ አገር ስቴም ሴል ላስደርግ ነው። አንድ ነገር አልደብቅዎትም፣ ሲጋራ አጨሳለሁ። ምን ይመክሩኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎት ወንድሜ። ብሩ ለጊዜው ይቀመጥ።

ዘጠኝ ወር አልፎት፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ራጁ ላይ ለውጥ ያላሳየ ስብራት «አልገጥም ያለ» ይባላል። እርስዎ እዚያ ውስጥ ነዎት ማለት ይቻላል። ቅልጥም ደግሞ በፊት በኩል ቆዳ ብቻ ነው የሸፈነው፣ ሥጋውም ደሙም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ሐኪምዎ መጀመሪያ የሚፈልገው ለምን እንዳልገጠመ ነው። ብረቱ ላልቶ አጥንቱ ይነቃነቃል? ጫፎቹ ደም አጥተዋል? ወይስ ውስጥ ለውስጥ ኢንፌክሽን አለ? መግል ስለሌለ ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም፣ የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ስኳርም ይታይ። ኢንፌክሽን ያለበት አጥንት ላይ የዓለምን ስቴም ሴል ቢያፈሱበት አይገጥምም።

ምክንያቱ ከታወቀ መንገዱ ብዙ ነው። የላላውን ብረት በወፍራም መቀየር አንዱ ነው። ከራስዎ ዳሌ አጥንት ቆንጥሮ ክፍተቱ ላይ መትከል ሌላው ነው፣ እስከ ዛሬም ሌላው ሁሉ የሚመዘነው ከእሱ ጋር ነው። ልብ ይበሉ፣ ያ የዳሌ አጥንት ሕያው ሴል አለው፣ መደገፊያውም ከራሱ ጋር ነው፣ የእድገት ኬሚካሎቹም አብረውት አሉ። ያ ውድ ክሊኒክ ሊሸጥልዎት የሚሞክረውን ነገር ዳሌዎ ላይ ይዘውት ነው የሚዞሩት። ከመቅኔም መውሰድ ይቻላል። ፈረንሳዊው የአጥንት ሐኪም ፊሊፕ ኤርኒጉ በ2005 ባወጡት ጥናት ኢንፌክሽን የሌለባቸው፣ ቅልጥማቸው አልገጥም ያለ 60 ሰዎች ከዳሌያቸው መቅኔ ተቀድቶ፣ ተጣርቶ ስብራቱ ላይ ተወጋላቸው፣ የ53ቱ ገጠመ። ያልገጠመላቸው ሰዎች የተሰጣቸው ሴል ቁጥሩ አነስተኛ ነበር። ሴል ይሠራል፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ ግን የራሳቸው መቅኔ ነበር፣ የሌላ ሰው እትብት አልነበረም።

ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የኢሊዛሮቭ ቀለበት አለ። ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ሳይቤሪያ ኩርጋን ውስጥ የነበሩ ሐኪም ናቸው። እግሩ ዙሪያ የብረት ቀለበት አስረው፣ ጤነኛውን አጥንት በጥንቃቄ ቆርጠው፣ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል ቀስ እያሉ ይለያዩታል፣ ክፍተቱ ውስጥ አዲስ አጥንት ራሱ ይበቅላል። ወራት ይፈጃል፣ ያማል፣ ይሰለቻል። ግን ሳንቲሜትሮች ያህል የሰው አጥንት በሰው ላይ ሲበቅል ማየት ለሚፈልግ ሰው ይኸውና፣ ከውጭ አንድም ሴል ሳይገባ።

ወጌሻን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፣ ውልቃት በመመለስ እጃቸው የተባረከ አሉ። በጣም ጥብቅ አድርጎ ማሰር ግን ደም ይዘጋል፣ በዚህ የተነሳ እግር የተቆረጠባቸው ልጆች አሉ። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ በዚያው ሰዓት ይፈታ፣ ሆስፒታል ይኬድ።

ሲጋራውን ያቁሙ። ይህ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው፣ ኒኮቲን ትንንሾቹን ደም ሥሮች ያጠባል፣ የእርስዎ ቅልጥም ደግሞ ድሮም ደም ያጠረው ነው። አንዳንድ ሐኪም ሲጋራ ሳይቆም ኦፕራሲዮኑን አይጀምርም፣ እኔም አልፈርድባቸውም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። እናቴ ደሴ ናት፣ 68 ዓመቷ ነው፣ ጀርባዋ እየጎበጠ ነው፣ ሌሊት ሕመሙ አያስተኛትም፣ ከስታለችም። እዚህ አንድ ክሊኒክ ከእትብት የተሠራ ስቴም ሴል በግሉኮስ መስመር ሲሰጥ አጥንት ይታደሳል ይላል። የስድስት ወር ደሞዜ ነው። ላምጣት ወይ?

መልስ፦ አታምጪያቸው። መጀመሪያ እዚያው ደሴ ሐኪም ይያቸው፣ በዚህ ሳምንት።

አሮጊት ጎበጠች ማለት ሁልጊዜ አጥንቷ ሳሳ ማለት አይደለም። እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ አለ፣ ጀርባ ያጎብጣል፣ ያከሳል፣ ሌሊት ያልባል፣ ዝም ከተባለ እግር ያሽመደምዳል። በመድኃኒት ይድናል፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። ወደ አጥንት የተሰራጨ ካንሰርም አለ። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመምና መክሳት አንድ ላይ ሲመጡ እኔ መሳሳት ብዬ አላልፍም። ራጅ፣ የደም ምርመራ፣ ካስፈለገ ኤምአርአይ። ይህ ሳይደረግ ግሉኮስ የሚሰቅልላቸው ሰው ሐኪም ይሁን ነጋዴ እኔ አላውቅም።

መሳሳት ነው ከተባለም መድኃኒት አለው። አሌንድሮኔት በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን ነው፣ ዞሌድሮኒክ አሲድ በዓመት አንዴ የሚሰጥ መርፌ። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ከነሱ ጋር። ስቴም ሴል አይባሉም፣ ቪዲዮም አይሠራላቸውም፣ ግን የአጥንት ስብራትን እንደሚቀንሱ በሺዎች ሰው ላይ ተፈትኖ ታይቷል።

በክንድ የገባ የእትብት ሴል የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? አብዛኛው መጀመሪያ ሳንባ ላይ ይያዛል። የጀርባ አከርካሪን መርጦ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። አደጋም አለው። በ2018 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከእትብት ደም ተሠራ የተባለ ምርት መገጣጠሚያቸውና ጀርባቸው ላይ የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተይዘው ሆስፒታል መግባታቸውን አሳውቋል። በጠርሙሱ ውስጥ ከአንጀት የሚመጣ ባክቴሪያ ነበር። አሜሪካ እንዲህ ከሆነ ሌላው ዘንድ ማን ይቆጣጠረዋል? ደሞዝሽን ያዢ፣ ለራጅና ለመጓጓዣ ትንሽ ላኪ፣ ውጤቱን ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ መንጋጋዬ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ተሸርሽሯል። የጥርስ ሐኪሜ የአጥንት ዱቄት ካልተጨመረ አዲስ ጥርስ አይተከልም አለኝ። ከእትብት የተሠራ ይሻለኛል? ዱቄቱስ ከምንድን ነው? የአሳማ እንዳይሆን ፈራሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለመንጋጋ እትብት አያስፈልግዎትም። ክፍተቱ ትንሽ ነው፣ ደሙም ጥሩ ነው፣ ዱቄቱ መደገፊያ ብቻ ሆኖ የራስዎ አጥንት ይሞላዋል። ዱቄቱ ብዙ ጊዜ ከከብት አጥንት ነው፣ ከተለገሰ የሰው አጥንትም አለ፣ ሙሉ በሙሉ በፋብሪካ የተሠራም አለ። ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም፣ ከላይ የሚሸፈንበት ስስ ሽፋን አንዳንዱ ከአሳማ ኮላጅን ነው። ማሸጊያው ላይ ተጽፏልና ከመደረጉ በፊት ያስነብቡት፣ የከብት ወይም የፋብሪካ አምጣልኝ ቢሉም ሐኪሙ አይቆጣም። ካጨሱ ደግሞ ከላይ ለባጃጅ ነጂው ያልኩትን ያንብቡ።